የፍሪዘሩን ዓሣ እንብላው ወይስ እንተወው?

ከጾመ ነቢያት በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ እህቶች "ጽፈሽ ላኪልን" ስላሉኝ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ። ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። በዚህ ብርድ፣ በዕረፍት ቀናችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጎሽ።

ጾሙ ሊገባ ነው። በዚህ ሳምንት ግሮሰሪ ስትሄዱ ብዙዎቻችሁ በቀጥታ ወደ ፍሪዘሩ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። እዚያ ያቺ የምናውቃት ከረጢት አለች። ቲላፒያ። ከጎኗ ደግሞ ከእሷም የረከሰች ሌላ ከረጢት አለች። ስዋይ። ሁለቱም በኩሬ የረቡ ናቸው፣ ሁለቱም የጣፋጭ ውሃ፣ ማለትም ጨው የሌለበት የሐይቅና የወንዝ ውሃ፣ ዓሣ ናቸው፣ ሁለቱም ከሩቅ አገር በመርከብ የመጡ ናቸው።

ታዲያ እንብላቸው ወይስ እንተዋቸው? ይህ ጥያቄ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣብኝ ብትቆጥሩ ትደነግጣላችሁ። በስልክ ይመጣል። በቴሌግራም ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላዬን ይዘው የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። አንዷ "በቆሻሻ ነው የሚያረቡት አሉ" ትለኛለች። ሌላዋ "ከአሳማ ይብሳል አሉ" ትለኛለች። አሉ፣ አሉ፣ አሉ። ማን ነው ያለው? መቼ ነው ያለው? ዛሬ እሱን አብረን እንድናየው ነው የመጣሁት።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ግን አላነሳም። እሱ የአባቶች ነው። እያንዳንዳችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ የምናገረው ለመብላት ለወሰነ ሰው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በአንድ ሱፐርማርኬት የዓሣ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ቆሜ ዓሣ ቆርጬአለሁ፣ መዝኛለሁ፣ ሸጫለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት ባቱ ነው። እኛ አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ዓሣ ማን ነው? ሁለተኛ፣ ከሚወራበት ውስጥ የቱ እውነት ነው? ሦስተኛ፣ ቤታችን ምን እናድርግ? ሦስተኛው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በ2006 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምናገረው። የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። አንድ ቀን ግሮሰሪ ውስጥ ስዞር ፍሪዘሩ ላይ አንድ ከረጢት አየሁ፤ ላዩ ላይ የዓሣ ሥዕል አለ። ቆም ብዬ አየሁት። ቆሮሶ ነው! የአባቴ ቆሮሶ! እመኑኝ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጠዋት ጠዋት አባቴ መረቡን ሲያራግፍ፣ ልጆቹ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሣ ሲገፉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ አንጀቱን ሊለቅም ከጀርባቸው ቆሞ ሲጠብቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። ከዚያ ከረጢቱን ገለበጥኩት። ከቻይና የመጣ ይላል።

ግራ ገባኝ። የኛ ቆሮሶ ቻይና ምን ይሠራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያ የአፍሪካ ዓሣ ነው። የናይል ቲላፒያ የሚባለው፣ ይህ ከረጢት ውስጥ ያለው ዘር፣ በጣና አለ፣ በዝዋይ አለ፣ በሐዋሳ አለ፣ በጫሞ አለ። የጥንት ግብፆች በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ያገኘውን የሚበላ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ችግር የሚችል ዓሣ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ወሰደው። በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ አንድ ትልቅ የማዳቀል ሥራ ተጀመረ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ቲላፒያ አምጥተው፣ እዚያ ከነበሩት ጋር አዳቅለው፣ ቶሎ የሚያድገውን እየመረጡ አራቡት። ዛሬ በእስያ ብዙ ኩሬ ውስጥ ያለው የዚያ ዘር ነው። ስለዚህ እናቶቼ፣ ዓሣው ባዕድ አይደለም። ዘመዳችን ነው፤ አስተዳደጉ ነው የተለየው።

አሜሪካ የሚገባው በረዶ የሆነ የቲላፒያ ፊሌቶ አብዛኛው ከቻይና ነው። ከኢንዶኔዥያም አለ። በረዶ ሳይሆን ትኩሱ፣ መስታወቱ ውስጥ በበረዶ ላይ ተነጥፎ የምታዩት፣ ብዙውን ጊዜ ከኮሎምቢያ፣ ከሆንዱራስ፣ ከኮስታሪካ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ዋጋው የሚለየው።

ስዋይ ሌላ ነው። ስዋይ የቬትናም ነው፤ ሜኮንግ የሚባለው ትልቁ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት አገር በጥልቅ ኩሬዎች ይረባል። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። ስዋይ የአምባዛ ወገን ነው፤ እዚህ ካትፊሽ የሚሉት። ቅርፊት የለውም።

አያችሁ፣ ፊታችሁ ተለወጠ። እኔም ይህን ፊት አውቀዋለሁ።

የዓሣ ክፍል ስሠራ አንዲት እናት ነበሩ። ሁልጊዜ ሐሙስ ይመጣሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ቀስ እያሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስዋይ ነው የሚወስዱት፤ ነጭ ነው፣ አጥንት የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ጥርሳቸውም አይቸገርም። አንድ ቀን ከጎናቸው የቆመ ሰው አምባዛ የመሰለ ሙሉ ዓሣ ሲገዛ አዩና "ልጄ፣ እኔ እንኳን ቅርፊት የሌለው ዓሣ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ነው የተባለው" አሉኝ። እጄ ላይ ቢላው ቀረ። ምን ልበላቸው? ዝም ብላቸው ይሻላል? አልቻልኩም። ነገርኳቸው። እናቴ፣ እርስዎ የሚወስዱትም የዚያው ዘመድ ነው አልኳቸው። አልተቆጡኝም። ዝም አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። "ሁለት ዓመት ስትሸጭልኝ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ አገሬን አውቃለሁ፣ የእናቶችን ልማድ አውቃለሁ፤ መንገር ነበረብኝ። ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው አንዱ ምክንያት እሳቸው ናቸው።

ቅርፊት ለማይለየው ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ አምባዛም እኮ ሐይቃችን ዳር የሚበላው ሞልቷል። ለሚለየው ግን ትልቅ ነገር ነው። ፊሌቶ ሲሆን ቅርፊት ነበረው ወይ ብላችሁ ማየት አትችሉም። ቆዳው ተገፎ ነው የሚመጣው። በስሙ ብቻ ነው የምታውቁት። ስሙም ራሱ ይሰረቃል። በ2009 አንድ የቨርጂኒያ፣ እዚሁ የጎረቤታችን አስመጪ፣ የቬትናምን ዓሣ ሶል ነው፣ ግሩፐር ነው እያለ ሲያስገባ ተይዞ ከአምስት ዓመት በላይ እስር ተፈርዶበታል። ለምን? ግብሩን ለማምለጥ። በመሃል የሚበላው ሰው ግን ምን እየበላ እንደሆነ አያውቅም።

እሺ። ሁለተኛው። የሚወራው።

የመጀመሪያው ወሬ፦ "ቲላፒያ ከአሳማ ይብሳል።" ይህ ከየት መጣ? በ2008 አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእርባታ ቲላፒያ ውስጥ ኦሜጋ 6 የሚባለው ስብ ለልብ ጥሩ ነው ከሚባለው ከኦሜጋ 3 ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው ብለው ጻፉ። በዚህ በኩል ብቻ ቤከን ከሚባለው የአሳማ ሥጋ ጋርም አነጻጸሩት፤ ጋዜጣው ያዘውና በደፈናው ከቤከን ይብሳል አደረገው። በዚያው ወር ሌሎች የስብ ሊቃውንት ተሰብስበው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ቲላፒያ እንደ ቤከን አይደለም፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ይበላል አሉ። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ በስልካችን ይዞራል። ሁለተኛውን ስንቶቻችን ሰማን?

እስቲ አስቡት። 100 ግራም ጥሬ ቲላፒያ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ስቡ ሁለት ግራም አይሞላም። ሁለት ግራም በማይሞላ ስብ ውስጥ ኦሜጋ 6 ቢኖር ምን ያህል ሊሆን ነው? እኛ ወጡ ላይ የምናፈሰው ዘይት ከዚያ አይበልጥም? ይበልጣል እንጂ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ ቲላፒያ ኦሜጋ 3 የለውም ማለት ይቻላል። 3 አውንስ፣ ማለትም የመዳፍ ያህል፣ የእርባታ ሳልመን 1.8 ግራም ያህል ኦሜጋ 3 ይሰጣችኋል። የቆርቆሮ ሰርዲን 1.2 ግራም ያህል። ቲላፒያ 0.1 ግራም ገደማ። ስለዚህ "ዓሣ ለልብና ለአእምሮ ጥሩ ነው" ተብሎ ሲነገራችሁ፣ ያ የሚነገረው ስለ ቲላፒያ አይደለም። ቲላፒያ እንደ ዶሮ መላላጫ አድርጋችሁ አስቡት። ንጹሕ ፕሮቲን ነው። በጾም፣ ሥጋና ወተት በሌለበት፣ ሽሮና ምስር ብቻ እየበላ ስምንት ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሜርኩሪ የምትጨነቁ እርጉዝ እህቶች አላችሁ። አትጨነቁ። ቲላፒያ ሜርኩሪው በጣም አነስተኛ ከሆኑት ዓሣዎች አንዱ ነው፤ ኪንግ ማክሬል የሚባለው ትልቁ የባሕር ዓሣ ከ50 እጥፍ በላይ አለው። ኤፍዲኤም፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለእርጉዝ እናቶች በሳምንት ከ8 እስከ 12 አውንስ ብሉ ብሎ ከሚመክራቸው ዓሣዎች ዝርዝር ውስጥ ቲላፒያን አስገብቶታል።

ሁለተኛው ወሬ፦ "ሆርሞን ይሰጡታል።" ይህ እውነት አለበት፤ ግን ሙሉውን ስሙት። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ውሃው ጥርት ሲል አንድ ነገር እናይ ነበር። ሴቷ ቆሮሶ አፏን ስትከፍት ትንንሽ ጫጩቶች ብትን ይላሉ፤ ጥላችንን ስታይ መልሳ ትሰበስባቸዋለች። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። በዚያ ጊዜ አትበላም፣ አታድግም። አርቢ ይህን አይፈልግም። ወንድ ወንዱን ብቻ ማርባት ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ አገር ጫጩቶቹን ገና እንደተፈለፈሉ ለሦስትና አራት ሳምንት የወንድ ሆርሞን ያለበት መኖ ይሰጧቸዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ሆነው ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ ሆርሞን የለም። ለገበያ እስኪደርሱ ወራት አለፈ፤ ሰውነታቸው አስወጥቶታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ መድኃኒቱ ነው።

ዓሣ በኩሬ ሲጨናነቅ ይታመማል። ሲታመም ጥሩ አርቢ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ውሃውን ይቀይራል። መጥፎ አርቢ አንቲባዮቲክ ይጨምራል። አንዳንዱ ደግሞ ማላካይት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ማቅለሚያ፣ ለምግብ ዓሣ የተከለከለ፣ ፈንገስ ለመግደል ይጨምራል። ይህ ወሬ አይደለም። በጁን 2007 ኤፍዲኤ ከቻይና የሚመጡ አምስት ዓይነት የእርባታ ምርቶችን፣ ካትፊሽ፣ ባሳ፣ ሽሪምፕ፣ ዴስና ኢል የሚባሉትን፣ ከነዚህ ነገሮች ንጹሕ መሆናቸው ሳይረጋገጥ አይገቡም ብሎ ወደብ ላይ አቁሟል። ልብ በሉ፣ ቲላፒያ በዝርዝሩ አልነበረም። የዶሮና የአሳማ ፍግ ወደ ኩሬ የመጨመር የቆየ ልማድም በእስያ መንደሮች አለ፤ "በቆሻሻ ያረቡታል" የሚለው ከዚያ ነው የመጣው። ወደዚህ የሚልኩት ትልልቆቹ አርቢዎች ግን በብዛት የሚመግቡት ከአኩሪ አተርና ከእህል የተሠራ መኖ ነው፤ ሌላው ቢቀር ቶሎ ስለሚያድግላቸው።

ታዲያ ማን ይፈትሻል? እዚህ ላይ ነው እኔ የማዝነው። ከውጭ ከሚገባው ዓሣ ኤፍዲኤ በአካል የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2009 ለመድኃኒት ቅሪት ላቦራቶሪ የገባው ከሺ አንድ ያህል ነው ብሏል። ከሺ አንድ! 999ኙስ? እኔና እናንተ ነን የምንፈትሸው፤ በልጆቻችን ሆድ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም የሚፈራው ስዋይ ዛሬ ከቲላፒያ በላይ ይፈተሻል። የአሜሪካ ካትፊሽ አርቢዎች ለዓመታት ተሟግተው፣ የአምባዛ ወገን የሆነ ዓሣ ሁሉ ከኤፍዲኤ ወጥቶ እንደ ሥጋና ዶሮ በዩኤስዲኤ፣ በግብርና መሥሪያ ቤቱ፣ እንዲፈተሽ አስደረጉ። ከኦገስት 2017 ጀምሮ እያንዳንዱ ጭነት ወደብ ላይ ይታያል። የተሟገቱት ለኛ አስበው አይደለም፤ ገበያቸውን ለመጠበቅ ነው። ጥቅሙ ግን ለሚበላው ሰው ደርሷል። ስለዚህ "ስዋይ መርዝ ነው" የምትሉኝ፣ አይደለም። እኔ ራሴ ስዋይ አልገዛም፤ ግን መርዝ ስለሆነ አይደለም፣ ውሃ ስለሚበዛው ነው። ፕሮቲኑ ከቲላፒያ ያንሳል፤ ኦሜጋ 3 ደግሞ ያው ከቁጥር አይገባም።

ስለ ውሃው ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ እንግዳ ነበረብኝና ርካሽ ከረጢት ገዛሁ፤ የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም። በረዶው ሲቀልጥ ሳህኑ ላይ የቀረው ዓሣ ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ነው። መጥበሻ ላይ ሳስቀምጠው ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር አወጣና በራሱ ውሃ ተቀቀለ እንጂ አልተጠበሰም። እንግዶቼ ዝም ብለው በሉልኝ። እኔ ግን አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ከረጢቱን ከቆሻሻው አውጥቼ አነበብኩት፤ ሶዲየም ትሪፖሊፎስፌት ይላል። ዓሣው ውሃ እንዲይዝ የሚነከርበት ጨው ነው። ከልካይ የለበትም፣ አይመርዝም። ግን ውሃ በዓሣ ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለው የበረዶ ሽፋን ደግሞ በሕጉ ከክብደቱ ጋር መቆጠር የለበትም።

ወደ ሦስተኛው መጣሁ። ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰው "ሳልመን ብሉ፣ የዱር ዓሣ ብሉ" ይላል። ለማለት ቀላል ነው። እኔ የዚህን ሰፈር ኑሮ አውቀዋለሁ። የቤት ኪራይ አለ። ለእናት የሚላክ አለ። ሦስት ልጅ ያላት እህቴ ሁለት ሥራ ሠርታ ማታ ስትገባ ሳልመን ግዢ ልበላት? ርካሽ ዓሣ መብላት ነውር አይደለም። ነውሩ የሚበላው ሰው ምን እንደሚበላ እንዳያውቅ መደረጉ ነው።

ስለዚህ ቲላፒያውን ብሉ። እኔም እበላለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን። ግን ከረጢቱን ገልብጡት! ፊቱ ላይ ያለው ሥዕል፣ ሎሚውና ቅጠሉ፣ ምንም አይነግራችሁም። ጀርባውን እዩ።

አገሩን ፈልጉ። ከ2005 ጀምሮ በዚህ አገር ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የዓሣውን አገር፣ በእርባታ ይሁን የዱር መሆኑን መጻፍ ግዴታቸው ነው። ግን ቀዳዳ አለው። በዱቄት የተለወሰ፣ የተዘጋጀ ዓሣ ይህ ግዴታ የለበትም። ምግብ ቤት የለበትም። ዓሣ ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆችም የለባቸውም። ስለዚህ ልጆቹ የሚወዱት ያ በዳቦ ፍርፋሪ የተለወሰው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው፣ እሱን ተዉት። ራሳችሁ ፊሌቶውን ገዝታችሁ በዱቄት ለውሱት፤ አሥር ደቂቃ ነው።

ከዚያ ማኅተም ፈልጉ። ኤኤስሲ የሚባል አረንጓዴ ምልክት አለ። ቢኤፒ የሚባል ደግሞ አለ፤ እሱ ከ1 እስከ 4 ኮከብ ይሰጣል፣ 4 ከሆነ ከጫጩቱ ማፍሊያ እስከ መኖውና ፋብሪካው ተፈትሿል ማለት ነው። ፍጹም ናቸው አልልም። ግን ሄዶ ያየ ሰው አለ። ከቻይና የመጣና ማኅተም ያለው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ምንም ከሌለው ይሻለኛል። ብዙ ጊዜ የዋጋ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ አይታችሁት ስለማታውቁ ነው።

ከዚያ ምን እንደተጨመረበት አንብቡ። "ቲላፒያ" ብቻ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ፎስፌት ካለው ውሃ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለው ደግሞ ቀለሙን ለማቆየት ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ቀይ መስመር ዓሣው ቢያረጅም ደማቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዓይናችሁ አትመኑ፣ በአፍንጫችሁ እመኑ።

አሁን የምናገረውን ጻፉልኝ፣ ዋና ነገር ነው። እያንዳንዷ ፊሌቶ አየር በሌለው ላስቲክ ተጠቅልላ ትመጣለች አይደል? ብዙዎቻችን እንደታሸገች ሲንክ ውስጥ ጥለናት ወደ ሥራ እንሄዳለን። እንዲህ አታድርጉ። አየር በሌለበት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ቦቱሊዝም የሚባለው ከባድ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊነሳ ይችላል። ላስቲኩን ቅደዱት፣ በሳህን አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ይህን ሰምታችሁ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሦስት። ሦስት ሰው ብቻ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

ጥሬውንም አትብሉ። ሐዋሳ ያደጋችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ናፍቋችኋል። የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ጥገኛ ትል ይይዛል፣ እዚያም ቢሆን። አብስሉት።

ጭቃ ጭቃ የሚል ጣዕም ካለው አልተበላሸም። የኩሬ አልጌና ባክቴሪያ የሚያወጡት ነገር ነው፤ ጥሩ አርቢ ከመሸጡ በፊት ዓሣውን ጥቂት ቀን ንጹሕ ውሃ ውስጥ አቆይቶ ያጠራዋል። እናቴ ዝዋይ ሎሚ አሽታ ትተወው ነበር። ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ግን ልክ ነበረች፣ አሲድ ያን ጣዕም ይሰብረዋል። ሎሚ ወይ አቼቶ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ እጠቡት።

ልጆቻችሁን ደግሞ ሰርዲን አስለምዷቸው። ቆርቆሮው ከቲላፒያው አይወደድም፣ የባሕር ነው፣ ኦሜጋ 3 ሞልቶታል፣ ሰርዲንን ቅርፊት የለውም የሚል የለም። በቃሪያ፣ በሽንኩርት፣ በቲማቲም ቁሌት አድርጋችሁ በእንጀራ ስጧቸው። የኔ ልጅ መጀመሪያ ሸተተኝ ብሎ አፍንጫውን ያዘ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ይጠይቀኛል።

ሙሉ ዓሣ ማጽዳት የማያስቸግራችሁ ደግሞ ዋርፍ የሚባለው ሰፈር ያለው የዲሲ ዓሣ ገበያ ውረዱ። ክሮከርና ፖርጊ አለ፤ ቅርፊት ያላቸው፣ የዱር፣ ዓይናቸውን አይታችሁ የምትገዟቸው። ቅርፊት ለማትለዩ ብሉ ካትፊሽ አለላችሁ። ይህን ዓሣ በ1970ዎቹ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለመዝናኛ አጥማጆች ብለው ለቀቁት፤ አሁን ፖቶማክን ሞልቶ፣ ቼሳፒክን ሞልቶ የሌላውን ዓሣ ልጅ እየበላ ነው። ሜሪላንድ ራሷ ብሉልኝ እያለች ትለምናለች። ርካሽ ነው፣ የዱር ነው፣ ከዚሁ ነው። ትንሹን ምረጡ፤ ትልቁና ያረጀው የወንዙን ብክለት በስቡ ያጠራቅማል።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ።

ያቺ እናት፣ ቅድም የነገርኳችሁ፣ አሁንም አሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፊደሉን ግን ከልጅ ልጃቸው ተምረዋል። ግሮሰሪ ሲሄዱ ይደውሉልኛል። ከረጢቱን ገልብጠው ይዘው አንድ በአንድ ይጠሩልኛል፤ ሲ፣ ኦ፣ ኤል፣ ኦ፣ ኤም… "ኮሎምቢያ ነው እናቴ፣ ይውሰዱት" እላቸዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ሳልጨርስላቸው "ገባኝ፣ ገባኝ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ስድስት ባዶ ከረጢት ይዤ መጥቻለሁ። አጥቤአቸዋለሁ። በዚህ ረድፍ ላስጀምር። መነጽር የያዛችሁ ላልያዙት አንብቡላቸው፤ አገሩን ያገኘ እጁን ያውጣ።